አመልማሎ የመሰለው

ጥጥ ሲርስ ያብጣል፤ ሬዮን አያብጥም። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ከተማርኩት ሁሉ ሳልጠራጠር ለሰው ማስተማር የምችለው ይህን ብቻ ነው። ማስተማር የነበረብኝም ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ለእሳቸው አላስተማርኩም።

ነገሩ የሚጀምረው ከቬፕ ነው። በኪስ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ፈሳሽ እያተነነ የሚጨስ ዕቃ ነው። ብዙው ሰው ተጠቅሞ የሚጥለውን ይገዛል። የእኔ ግን የሚፈታና የሚገጠም ነው። ሆዱ ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ሞላ የተጠቀለለች ቀጭን ሽቦ አለች። በሽቦዋ መሃል ክር ይገባል፤ የክሩ ሁለት ጫፎች ፈሳሽ ውስጥ ገብተው ይጠጣሉ፤ ሽቦዋ ስትግል የጠጡት ይተናል። ክሩ በልኩ ካልገባ ወይ ያርራል ወይ ያፈሳል። ጠዋት ከሥራ በፊት ትንሿን መቀስና ጉጠቴን ይዤ መስኮት ሥር እቀመጥና ክሩን እቀይራለሁ። ከመንገድ ማዶ የሚያየኝ ሰው ቢኖር ጥልፍ የምጠልፍ ጨዋ ሴት ልመስለው እችላለሁ።

ሲጋራ የጀመርኩት የማስተርስ ጽሑፌ አልገፋ ብሎኝ ነው። ጽሑፉ አለቀ፣ ሲጋራው ቀረ። ሲጋራውን ለመተው ቬፕ ያዝኩ፤ ሲጋራውን እውነትም ተውኩት። አሁን የምተወው ቬፑን ነው፤ ሁልጊዜ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ።

ይህን የሚያውቅ አንድም አበሻ አልነበረም። በእኛ ዘንድ የሚያጨስ ወንድ ይመከራል፤ የምታጨስ ሴት ይወራባታል። እኔ ደግሞ በሮተርዳሙ ቤተ ክርስቲያናችን ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ከፊት የምቆም፣ እናቶች ለልጆቻቸው «እሷን አታይም?» ብለው የሚጠቁሙኝ ዓይነት ነኝ። በሥራ ቀን ዘ ሄግ ቢሮ እውላለሁ፤ እዚያ ከሕንፃው ጀርባ ከሚያጨሱት ጋር ቆሜ ስስቅ የሚያየኝ ሰው እሑድ ቢያየኝ አያውቀኝም። እሑድ የሚያየኝም እዚያ ቢያየኝ ያው ነው።

ሮተርዳም ውስጥ በየመንገዱ የቬፕ ሱቅ አለ፤ ግን በየመንገዱ አበሻም አለ። አምስተርዳም ልግዛ ብዬ አሰብኩና እዚያው ቢልመር ሰፈር ያሉት የአክስቴ ልጆች ትዝ አሉኝ። በኢንተርኔት እንዳልገዛ መሸጥ ተከልክሏል። ስለዚህ ከአምስተርዳም አልፌ እስከ ዛንዳም ከተማ በባቡር እሄድ ነበር። አንዲት እፍኝ ነጭ ነገር ለመግዛት ግማሽ ቀን ባቡር ላይ የምታሳልፍ ሴት ዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የዛንዳሙ ባለሱቅ ጣቱ የወፈረ፣ ድምፁ የጎረነነ ሽማግሌ ሆላንዳዊ ነው። ጥጡን ትቼ ሬዮን እንድሞክር የመከረኝ እሱ ነው። ከእንጨት የሚሠራ ክር ነው አለኝ፤ ቶሎ ይጠጣል፣ የፈሳሹን ጣዕም አይሰርቅም። ከትልቅ ካርቶን ውስጥ እንደ ገመድ የተጠቀለለውን ሳብ አድርጎ በመቀስ ቆረጠና ምንም ባልተጻፈበት ላስቲክ ከተተልኝ። ቤት ስደርስ እንደ ጥጥ ቆጥሬ በሽቦዋ መሃል ላላ አድርጌ አስገባሁት። ጥጥ ሲሆን ልክ ነው፤ ሲጠጣ አብጦ ቦታውን ራሱ ይሞላል። ይኼ ግን ሲጠጣ ጭራሽ ሟሸሸ። መጀመሪያ አፌ ውስጥ ፈሰሰ፤ ቀጥሎ ጉሮሮዬን ጠበሰኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር ሁለቱንም አደረገ።

ተናድጄ ተመለስኩ። ሽማግሌው የሠራሁትን ፈትቶ አየና ከት ብሎ ሳቀብኝ። «ስትራክ፣ ሜፍራው! ስትራክ!» አለ፤ እመቤት፣ አጥብቂው ማለቱ ነው። ሽቦዋ ልትጣመም እስክትደርስ ድረስ አጭቆ ክሩን ሳበው። ጫፎቹንም ሳያሳሳ በአጭሩ ቆረጣቸው። «ይኼ ጥጥ አይደለም። በኋላ ያብጥልኛል ብለሽ አትጠብቂ። መጀመሪያውኑ መሙላት ያለብሽ አንቺ ነሽ» አለኝ። ቤት ሄጄ እንዳለኝ አደረግኩ፤ ሠራ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ለማንም ልነግረው አልቻልኩም፤ ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ አጨበጨብኩ።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። እማማ የምላቸው ዴልፍስሃቨን ሰፈር፣ ከእኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ስደተኛ ሆነው መጥተው፣ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው የሰው ቢሮ አጽድተው፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ከማዘጋጃ ቤትና ከሐኪም ቤት የሚመጣላቸውን ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያናችን ግን እሳቸው የሚታወቁት በሌላ ነገር ነው፤ ጧፉን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ጥጡን በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ክሩን ይገምዳሉ፣ የቀለጠ ሰም ውስጥ እያሳለፉ ጧፍ ያወጣሉ። ሌላው ማኅበርተኛ ዳቦ ይዞ ይመጣል፣ ጠላ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ብርሃን ይዘው ይመጣሉ ይባልላቸው ነበር። ሲባልላቸው ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ማለታቸውን ማንም አያጣውም።

ጥጡ የሚመጣው ከአገር ቤት በመንገደኛ ነበር። ያን ዓመት መንገደኛው ሁሉ ሻንጣዬ ሞላ እያለ ጥጣቸው አለቀ። የእመቤታችን የንግሥ በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው እማማ ባዶ እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተክዘው አገኘኋቸው።

«ከሱቅ የሚገዛው ሻማ አለ እኮ፣ እማማ» አልኳቸው።

«እሱማ ለልደት ኬክ ነው» አሉኝ።

ደብዳቤያቸውን ላነብ መነጽሬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ነው ነገሩ የመጣው። ያን ዕለት በጠዋት ዛንዳም ደርሼ ተመልሻለሁ። መነጽሬን ስስብ ላስቲኩ ተከትሎ ወጣና እግራቸው ሥር ወደቀ። ነጭ፣ ልስልስ፣ እንደ ገመድ ረዝሞ የተጠቀለለ ነው። ፈረንጅ ቢያየው ምናልባት የመድኃኒት ቤት ጥጥ ይለው ነበር። ፈትል የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ለእንዝርት ተዘጋጅቶ በረጅሙ የተጠቀለለ ባዘቶ ጥጥ አመልማሎ ይባላል፤ ያ ነገር ቁርጥ አመልማሎ ነበር።

«አመልማሎ!» አሉ እማማ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አነሡት። «ከየት አምጥተሽው ነው?»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አልነበረብኝም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። «የሥራ ዕቃ ነው» ብል ይመልሱልኝ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «ለእርስዎ ነው ያመጣሁት። ዛንዳም አንድ ክር የሚሸጥ ሱቅ አግኝቼ» አልኳቸው።

አለቀሱ። ጉንጬን ሳሙኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። «የሰው ሁሉ ሻንጣ ሞላበት፤ አንቺ ግን የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነሽ» አሉኝ። አፌ የእንጆሪ ማስቲካ ይሸታል፤ ማስቲካው ምን ለመደበቅ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ዛንዳም ሄጄ ብዙ አድርጌ ገዛሁላቸው። ሽማግሌው «ምነው፣ ፋብሪካ ከፈትሽ እንዴ?» አለኝ።

ሲፈትሉት አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። «ይንሸራተታል። ሐር ይመስላል» አሉ። ጣታቸው የለመደውን ያደርጋል፤ ክሩን ላላ አድርገው ገመዱት። «የጧፍ ክር ካላላሽው ሰም አይጠጣም። ጠጥቶ ሲያብጥ ራሱ ይቆማል» ብለው አስረዱኝ።

አውቅ ነበር። ያብጥልኛል ብለሽ አትጠብቂ የተባልኩት እኔ ነኝ። አፌ እስኪጠበስ ሦስት ጊዜ የተማርኩት ነገር ነው። «እማማ፣ ይኼኛውን ጠበቅ ያድርጉት» ብል ምን ነበረበት? ነገር ግን ቀጥለው «አንቺ በምን አወቅሽ?» ይሉኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፈተሉ ሴት እንዝርት ጨብጣ የማታውቅ ልጅ ስለ ክር ስታስተምር ከየት አመጣችው አይባልም? ስለዚህ ቀጣዩን አመልማሎ አቀበልኳቸው። ለሰም የተለየ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ጧፉ ለምእመናኑ ሁሉ ታደለ። ካህናቱ ከመጋረጃው ሲወጡ ሁሉም ለኮሰ። ትንሽ ቆይቶ ከወደ ኋላ አንዲት ሴት «ውይ!» አለች። ጧፏ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ተጣጥፎ ሰሙ ነጠላዋ ላይ ፈሷል። ቀጥሎ የሌላዋ ተንጣጥቶ ጠፋ። ቀጥሎ የሌላው። መልሰው ይለኩሱታል፣ መልሶ ይጎብጣል። ልጆቹ ሳቁ፤ እናቶች ዝም በሉ እያሉ ራሳቸውም ሳቃቸውን ዋጡ። ከኋላዬ አንዷ ለጓደኛዋ «እማማ እኮ አረጁ» ስትል ሰማሁ፤ በክፋት አይደለም፣ በሐዘን ነው ያለችው።

እማማ አጠገቤ ቆመዋል። የራሳቸው ጧፍ ጠፍቶ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጧፉን አላዩትም። የሚያዩት ጣቶቻቸውን ነበር፤ የሌላ ሰው ጣት ይመስል እያገላበጡ ያዩአቸዋል።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ መጥተው ትከሻቸውን ያዝ አደረጉና «እማማ፣ ብዙ ዘመን ደክመዋል። ከእንግዲህ ይረፉ፤ ጧፉን ከግሪክ ኦርቶዶክሶቹ ሱቅ እናስመጣለን» አሏቸው። ደግነት ነበር። እማማ «እሺ አባቴ» ብለው መስቀል ተሳለሙ። እኔ ምን አደረግኩ? የቤተ ክርስቲያኑ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ያንኑ ክር በአግባቡ አጥብቄ የሠራሁትን ቬፕ ሳብኩ። ያለ እንከን ሠራ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፤ መጻፍ ያለበት ግን ይኼ ነው።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ እማማ ሃውስአርትስ ጋ ውሰጅኝ አሉኝ፤ የቤተሰብ ሐኪሟ ጋ ማለታቸው ነው። የማስተረጉምላቸው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር፣ ትሑት ሴት ናት።

«እጄ አልታዘዝ ብሎኛል በያት» አሉኝ እማማ።

በሆላንድኛ ነገርኳት። ሐኪሟ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ ይጭመቋቸው አለች፤ ጨመቁ። ሐኪሟ «አው!» ብላ ሳቀች። ቁልፍ አስቆለፈቻቸው፣ ሳንቲም ከጠረጴዛ አስነሳቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እጃቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በላይ ጠንካራ ነው አለች።

«እጅዎ ምንም አልሆነም ትላለች» አልኳቸው።

«እሷ ምን ታውቃለች? ፈትል አታውቅ» አሉ።

ሐኪሟ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። «አመሰግናለሁ ብለዋል» አልኳት። በሁለት ቋንቋ የሚዋሽ ሰው ከአንድ በላይ አፍ ያስፈልገዋል፤ እኔ በአንዱ ተወጣሁት። ትራም ላይ እማማ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተው መስኮቱን እያዩ ሄዱ። ድሮ ትራም ላይ እንኳ ጣታቸው ሥራ አይፈታም፤ የነጠላቸውን ዘርፍ ይቋጩ ነበር።

እኔም አላስችል አለኝ። ላስተካክለው ወሰንኩ፤ ግን ሳልናዘዝ ላስተካክለው ነው የፈለግኩት። ሰም ገዛሁ። ከተረፈው ሬዮን ወስጄ፣ መፍተል ስለማልችል በጣቴ እያሸሁ፣ ጥብቅ አድርጌ ገመድኩ። የመጀመሪያዎቹ ተበላሹ። አጠበቅኩ። አሁንም አጠበቅኩ። በአራተኛው እሑድ ያወጣሁት ጧፍ ቀጥ ብሎ ነደደ፤ አልጎበጠ፣ አልተንጣጣ።

ሐሳቤ ይህ ነበር። ጧፉን ወስጄ አሳያቸዋለሁ፤ «እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ይኼ ጥጥ ጥጥ አይደለም፣ ጠባዩ ሌላ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ነገሩኝ» እላለሁ። ስለ ቬፑ ምንም አይነሣም፤ የእሳቸው ልብ ያርፋል፤ የእኔም ስም ይተርፋል። በመንገድ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አጠናሁት።

እማማ ጧፉን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ለኮሱት። እሳቱ ረጋ ብሎ ቆመ። ሻማ እንደሚያይ ሕፃን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«አንቺ?» ደነገጡ። «ከየትኛው ጥጥ?»

«ከዚያው ነው፣ እማማ። ከዚያው ከዛንዳሙ።»

ከዚህ ቀጥሎ ነበር ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር። ግን አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ከዚያው?» አሉ። «እንግዲያው ክሩ ጤነኛ ነው።» ጧፉን እፍ ብለው አጠፉት። «እኔማ ምናልባት ክሩ ይሆናል እያልኩ ሌሊት ሌሊት ራሴን አጽናና ነበር። ሐኪሟም ልታጽናናኝ ኖሯል። እጄ ነው።»

ሲናገሩት አላለቀሱም። የጠረጠረውን መርዶ እንደ ሰማ ሰው ልባቸው ቁርጡን አወቀ። እኔ «የለም እማማ…» ብዬ ጀመርኩ። «የለም» ብዬ ቀረሁ። ጥጥ አይደለም ለማለት ምን እንደሆነ መናገር ነበረብኝ፤ ምን እንደሆነ ስናገር ለምን ቦርሳዬ ውስጥ እንደነበረ ይመጣል።

ተነሥተው ከቁም ሳጥናቸው እንዝርቱን አመጡ። እንጨቱ ከመያዝ ብዛት ለስልሷል። «ለማን ልተወው እያልኩ ነበር» አሉኝ። በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ደንቡ ተቀበልኩ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የግሪኮቹ ጧፍ ቀርቷል፤ የምሠራው እኔ ነኝ። መፍተልም ለምጃለሁ። ከአገር ቤት ጥጥ ሲመጣ ላላ አድርጌ እገምዳለሁ፤ ጥጡ ሲያልቅ ዛንዳም ሄጄ ሬዮኑን ጥብቅ አደርጋለሁ። ሰው እጇ ልዩ ነው ይላል። ቬፑን ያለፈው ሰኞም አልተውኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ ጋ አሁንም እሄዳለሁ፤ ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ የሚጻፍላቸውን ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ይህን ግን አላነብላቸውም።

ባለፈው የንግሥ በዓል ጧፉን ሳድል የመጀመሪያውን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ለኮሱት፤ ቀጥ ብሎ ነደደ። በዙሪያችን ላሉት ሴቶች በኩራት ከፍ አድርገው አሳዩአቸው፣ «የእኔ ከዳኝ፤ የእሷን ግን እዩልኝ» አሉ። ከዚያ ቀኝ እጄን ያዙና ሳሙት፤ «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሴቶቹ ሁሉ ይሰሙ ነበር። እኔም «አሜን» አልኩ።